የዋሻው መብራት

ዋሻው ተደርምሶ መውጫው ከተዘጋ ወዲህ፣ ለቴክኒሻኗ ለትርንጎና፣ ግንባራቸውን ድንጋይ ለመታቸው ፎርማን ለጋሽ ዘርጋው የቀረላቸው፣ እንደ ትንኝ ሲር እያለ የሚያበራ አንድ ስስ የመብራት ሰሌዳ ነበር። ባትሪው እየደከመ ነበር።

«መብራት እያለን ምን ያስፈራሻል?» ይሏት ነበር ጋሽ ዘርጋው።

ትርንጎ ከተሰበረው ሬዲዮናቸው ኤሌክትሪክ የሚይዙ ትንሽና ትልቅ ካፓሲተሮች ነቀለች። ትንሹን ከመብራቱ ጋር ብታያይዝ ለውጡ እምብዛም ነው። ትልቁ ግን ሲር የሚያሰኘውን የመብራቱን ንዝረት በጣም ያዘገየዋል፤ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ባትሪው ይቆያል። ትልቁን መርጣ ሽቦዎቹን ጠመዘዘቻቸው።

ሲርታው ጸጥ አለ። ፈዘዝ ያለው ሰማያዊ ብርሃን በጋሽ ዘርጋው ፊት ላይ አረፈ።

እሳቸው ዓይናቸውን ወደ ብርሃኑ እንደገለጡ እጃቸውን ወደ እሷ ሰደው አየሩን ዳሰሱ።

«ልጄ፣ ለምን አጠፋሽው?»