ጠፍጣፋው ቋጥኝ ላይ የቀረች ጨው

«ፈሪ ነህ እንዴ፣ ናካይ?» ይላል ፍራንክ፣ አንድ እጁን ገደሉ ውስጥ በተሠራው ጥንታዊ ቤት ግንብ ላይ አስደግፎ።

ናካይ ከታች፣ ጥድ ጥላ ሥር ተቀምጧል። በዚህ ጉዞ ስለ ቋጥኙ እንደ ፍራንክ ላሉ እንግዶች የሚናገረው እሱ ነው፤ ስለ ፍርስራሹ የምትናገረው ካረን ናት። ካረን ሌሎቹን ይዛ ውሃ ልትቀዳ ወደ ሸለቆው ራስ ወጥታለች። እሱ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የናቫሆ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ የሙታን ቤት አይገባም።

«የጎረቤትህ በር ስለበሰበሰ መኝታ ቤቱ ዘው ትላለህ?» ቁጣው እየመጣ ነው። «ግንቡን አትንካ ተብለሃል። ውረድ!»

«እነዚህ ጎረቤቶችማ ከሄዱ ቆዩ!» ፍራንክ እየሳቀ ጎንበስ ብሎ ይገባል።

ናካይ የደረት ኪሱን ይዳብሳል። የቆዳ ከረጢቷ አለች፤ ጨው ናት። የሴት ልጁ ሕፃን ገና አልሳቀችም። በእነሱ ዘንድ ሕፃንን መጀመሪያ ያሳቀ ሰው ድግሱን ይደግሳል፤ ጨው በትንሿ መዳፍ አስይዞ እንግዳውን ሁሉ ያስቀምሳል። ጠዋት ልጁ በሳተላይት ስልክ ደውላ ነበር።

«አባዬ፣ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ወንድሜ እንደ ፍየል እየጮኸ ሊቀድምህ ነው፤ ከቤት አባርሬልሃለሁ። ነገ ድረስልኝ።»

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ «ድረስልኝ» ያለው ሰው አልነበረም።

ድንጋይ ይንኮታኮታል። ከዚያ ጩኸት። «ናካይ! እግሬን! ናካይ!»

«ካረን!» ብሎ ይጣራል። የሚመልስለት የገዛ ድምፁ ነው። ከበሩ አቧራ ይወጣል፤ ሌላ ድንጋይ ይወድቃል።

የሙታን ቤት የገባ ሰው የመንጻት ሥርዓት ሳይደረግለት ጨቅላ አያቅፍም፤ የድግሱን ጨውም አይነካም። ሥርዓቱ የሚደረገው በሙቀት ወራት ነው፤ የሸለቆው ቅጠል ደግሞ ቢጫ ሆኗል፤ ብርዱ ደርሷል። ሕፃን እስከዚያ ሳቋን ለማንም አታቆይም።

ከረጢቷን አውጥቶ ጠፍጣፋ ቋጥኝ ላይ፣ ፀሐዩ ውስጥ ያኖራታል። ከዚያ ይገባል።

ውስጡ ይቀዘቅዛል። ጭቃ ልስኑ ላይ የለሳኙ የጣት አሻራ አለ፤ ፊቱን ያዞራል። ድንጋዩን ከፍራንክ እግር ላይ ፈንቅሎ፣ ብብቱን ይዞ ጎትቶ ያወጣዋል።

ፍራንክ ቁርጭምጭሚቱን እያሻሸ እንባና ሳቅ ይቀላቅላል። «አየህ? ገባህ፣ ምንም አልሆንክም!»

ናካይ የሁለቱንም ሻንጣ ይሸከማል።

«ከረጢትህን ረሳህ» ብሎ ፍራንክ እጁን ይዘረጋል።

«አትንካት!»

ገደሉ ቃሉን ተቀብሎ ይደጋግመዋል። ፍራንክ እጁን ይሰበስባል። «ምን... ምንድን ናት?»

«ጨው።»

«ታዲያ አንተ አትወስዳትም?»

ናካይ የፍራንክን ክንድ በገዛ ትከሻው ላይ አሳርፎ፣ የሚያነክሰውን ሰው ደግፎ ወደ ካረን መንገድ ይጀምራል። መታጠፊያው ላይ ዞር ይላል። ከረጢቷ እንዳኖራት ናት። የገደሉ ጥላ ገና አልደረሰባትም።