በረዶ ቤት ያለው ወንድም

የኢንዶኔዥያዋ ከተማ ሱራባያ በሙቀት ትቀቀላለች፤ የላራስ የሃያ ቀን ልጅ ግን ገላው ከጉድጓድ እንደወጣ ውሃ ይቀዘቅዛል። ሐኪሙ ጤነኛ ነው ብሏል። አማቷ ወይዘሮ ሙርቲኒ በአገሩ ልማድ እንግዴ ልጁ በተቀበረበት ደጃፍ የሚበራውን ፋኖስ እየወለወሉ አጉረመረሙ።

"እንግዴ ልጁም የእትብቱ ደምም ወንድሞቹ ናቸው። አንዱን በፋኖስ እናሞቃለን፤ ሌላውን ደም ባንክ ልካችሁ በረዶ ውስጥ ከተታችሁት!"

"እማማ፣ ደሙ የተቀመጠው ለክፉ ቀን መድኃኒት እንዲሆነው እኮ ነው።"

"ክፉ ቀኑ ይኸው መጣ!"

ላራስ የልጁን እግር በትንፋሿ ስታሞቅ ዋለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድንገት ጉንጩ ቀላ፤ ግንባሩን አላበው፤ ከተወለደ ጀምሮ እንደዚያ ጠብቶ አያውቅም። አቅፋው በደስታ ስታነባ ስልኳ ጮኸ። ከደም ባንኩ ነበር።

"ወይዘሮ ላራስ፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ የልጅዎ የእትብት ደም ቀልጦ ነበር።"

ላራስ የልጁን ሞቃት ጉንጭ ዳሰሰች።

"አይዞዎት፣ ተጠግኗል። አሁን መልሰን እያስገባነው ነው።"

"አታስገቡት!"

በስልኩ ውስጥ የብረት ክዳን ሲገጠም ተሰማት። ጡቷን የያዘው ትንሽ አፍ በረዶ ሆነ።