አትያዣት፣ ትለፍ

በዓረብ አገር፣ ካፉሪ በሚባል የሀብታሞች ሰፈር በሚገኘው ቪላ ሳሎን ውስጥ እመቤቷ ረባብ ሜዲቴሽን ስትለማመድ፣ ሠራተኛዋን ሉጥፊያንም አጠገቧ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠቻት። "ዓይንሽን ጨፍኚ። የሚመጣውን ሐሳብ ዝም ብለሽ እዪው" አለቻት።

ሉጥፊያ ጨፈነች። የመጣችባት እናቷ ነበረች፤ ወሎ ከተቀበረች ሳምንቷ ነው። ወንድሟ ደውሎ መርዶውን ለረባብ ቢነግራት፣ እንግዶች አሉብኝ ብላ ሦስት ቀን ደበቀችው። ሉጥፊያ ምንም ሳታውቅ እየሳቀች ትሪ ስታመላልስ ሰነበተች።

"ምን ታየሽ?" አለች ረባብ ዓይኗን እንደጨፈነች።

"እናቴ።"

"አትያዣት፣ ትለፍ።"

የሉጥፊያ ደም ፈላ። "አልፋለች እኮ! እኔ ለእንግዶችሽ ስስቅ እሷ አልፋ ነበር! ወላሂ፣ ዓይንሽን ግለጪና እኔን እዪኝ!"

የረባብ ትንፋሽ ተቆራረጠ፤ ዓይኗን ግን አልገለጠችም። ሉጥፊያም እዚያው ምንጣፉ ላይ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ለእናቷ ለቅሶ ተቀመጠች።