ጣቴን እዩ

የፎቶግራፍ ተማሪዋ ሦስት ገጽ ጽፋ መጥታ ነበር፤ ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ጥላው፣ ስለ መጋረጃው እጥፋት ሳይቀር። ታዋቂው ፎቶ አንሺ ያነሳው የቤተሰብ ፎቶ የክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰፍቶ ሲበራ ግን ወረቀቱ እጇ ላይ ቀረ። እናትየው፣ አባትየው፣ ሕፃኑ፣ ሁሉም የሚያዩት ካሜራውን ሳይሆን ከካሜራው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው።

«እሺ ልጄ፣ ምን የሚያዩ ይመስልሻል?» አሉ መምህሩ።

«ጣቱን ነዋ! የአንሺውን ጣት።» ክፍሉ በሳቅ አውካካ። «አባቴም እንደዚሁ ነበር የሚያደርገው» አለች ፊቷ እየቀላ። አባቷ ፎቶ ቤቱ ውስጥ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግራ እጁን አንስቶ፣ «ጣቴን እዩ! አገጭ ቀና!» ሲል ሙሽራውም ሽማግሌውም እንደ ሕፃን ይታዘዘው ነበር። ያኔ እሷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር። ካረፈ ወዲህ ግን የቤቱን አልበም ስንቴ አገላብጣ የእሱን አንድም ፎቶ አጥታለች። ሁሉንም ያነሳው እሱ ነዋ።

«እስቲ እንዴት እንደሚያደርግ አሳዪን» አሉ መምህሩ።

አንድ ዓይኗን ጨፈነች፤ ግራ እጇን አነሳች። «ጣቴን እዩ! አገጭ ቀና!» ቁጣው ሳይቀር የእሱ ነበር። የሠላሳ ተማሪ አገጭ ባንዴ ቀና ብሎ፣ ዓይኑ ሁሉ ጣቷ ላይ ተሰበሰበ፤ ልክ አልበሙ ውስጥ እንዳሉት ፊቶች። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ ያየው ይህን ነበር።

እጇን ማውረድ አቃታት።