ሳቁ ሳያመልጠው

የራሳችሁ የምርመራ ውጤት ለሌላ ሰው ሲነገር፣ እናንተ በር ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ?

«ይቺ በረሮ ናት» ይለኛል ባሌ። ካርታዋን ደፍቶ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ይገፋታል።

እውነት ወይስ ውሸት? ጨዋታው ይኸው ነው። ካርታዎቹን ትልቋ ልጃችን ከብስኩት ካርቶን ቆርጣ፣ በረሮ፣ አይጥ፣ እንቁራሪትና የሌሊት ወፍ ስላ ሠራቻቸው። ባለተራው ከእጁ አንዷን ደፍቶ ለፈለገው ሰው ይሰጣል፤ የእንስሳዋንም ስም ይናገራል፤ ቢፈልግ የእውነቱን፣ ቢፈልግ የውሸቱን። ተቀባዩ «እውነት» ወይም «ውሸት» ብሎ ይፈርዳል። ከተሳሳተ ካርታዋ ተገልጣ ፊቱ ትቀመጣለች፤ ካወቀበት ለሰጪው ትመለሳለች። አንድ ዓይነት እንስሳ አራት የተሰበሰበበት ሰው አለቀለት። አሸናፊ የለም፤ ተሸናፊ ብቻ ነው ያለው።

ዛሬ እንጫወት ያልኩት እኔ ነኝ። «እማዬ፣ ፋይሎችሽ አይቀየሙሽም?» ብላ ትልቋ አሹፋብኛለች። ጠበቃ ነኝ፤ በዚህ ቤት ጨዋታ የሚያመጣው አባትየው ነው። ምክንያቴን አልነገርኳቸውም። ባሌ መዋሸት አይችልም። አይጧን በረሮ ሊላት አፉን ሲከፍት ሳቁ ያመልጠዋል፤ ትንሿ እንኳ ሁሌ ትይዘዋለች። ዛሬ ያን ሳቅ ነው የምጠብቀው። ሳቁን በደንብ አይቼ፣ ከዚያ የምጠይቀውን እጠይቀዋለሁ።

ናሙናው የተወሰደው ከእኔ ጡት ነው። የተወጋሁት እኔ፣ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ። ዓርብ ዕለት ሐኪሙ ግን «ባለቤትዎ ይግቡ» ብሎ እኔን ኮሪደር ላይ ተወኝ። በሩን ገፍቼ ስገባ ፈገግ አለና «ለእሳቸው ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ፤ እርስዎ አይጨነቁ» አለኝ። አይጨነቁ! አንዲት ደንበኛዬን እንዲህ አድርጎ ቢሆን ችሎት ፊት ባቆምኩት ነበር። ለራሴ ሲሆን ግን ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ባሌ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ «ምንም የለም፤ ደህና ነሽ» አለኝ። ወረቀቱስ? ሐኪሙ ጋ ቀርቷል። ክሊኒኩስ? እስከ ነገ ዝግ ነው። ነገ ደግሞ ማንን ወደ ውስጥ እንደሚያስገቡ እናያለን።

«እማዬ፣ ተኛሽ እንዴ? ፍረጂ!» ትላለች ትንሿ።

ከንፈሩን አየዋለሁ። ንቅንቅ የለም። ዓይኑን አየዋለሁ። እሱም ያየኛል፣ በፍቅር።

«እውነት» እላለሁ።

ካርታዋ ትገለጣለች። አይጥ ናት።

«አባዬ አልሳቀም!» ትጮሃለች ትንሿ። «አሞታል እንዴ?»

ተራው ዞሮ ወደ እሱ ይመለሳል። ለትልቋ «እንቁራሪት» ብሎ የሌሊት ወፍ ያስታቅፋታል፤ ፊቱ ላይ አንዲት መስመር እንኳ አትነቃነቅም።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ማን ነው ያሠለጠነህ?» ትለዋለች ግንባሯን ይዛ።

«ድሮም እችልበታለሁ» ይላል የትንሿን ፀጉር እያሻሸ። «የምስቀው ይቺ ጩጬ እንድትይዘኝ ብዬ ነው እንጂ።»

ልጆቹ እየተንጫጩ ይደበድቡታል። እሱም እየተከላከለ ይስቃል። እኔ ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀርቻለሁ። ለካ እስከ ዛሬ ያመለጠው ሳቅ የለም፤ ሲለቀው ነው የኖረው። ይህ ሰው የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው፤ አጥር ሊገጭ የሚንደረደረውን ሁሉ «ጎበዝ፣ ጥሩ ነው፣ ቀስ እያልክ» ሲለው ይውላል። እንዴት አላሰብኩትም? ምስክር አፋጥጬ ላብ በላብ የማደርግ ሴት፣ አብሬው የምተኛውን ሰው ማወቅ አቃተኝ። «ደህና ነሽ» ያለኝ እውነት ሊሆን ይችላል። ውሸትም ሊሆን ይችላል። ከዚህ ፊት ላይ የሚነበብ ነገር የለም፤ እኔ ደግሞ ከዚህ ፊት ሌላ ማስረጃ የለኝም። የገዛ ገላዬ እንኳ አይነግረኝም።

እጄ ሳላዘው ናሙናው ከተወሰደበት ቦታ ላይ ወዳለው ፋሻ ይሄዳል። ትልቋ ስታየኝ የሸሚዜን ቁልፍ የማስተካክል እመስላለሁ።

ባሌ ሌላ ካርታ ደፍቶ ይገፋልኛል። «ይቺ ደግሞ…»

«ተወው።» ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኾ ይወጣል። «ዓርብ ዕለት ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ነገርኩሽ እኮ። አሁን ልጆቹ ፊት እንዲህ…»

«ማነው የታመመው?» ትላለች ትንሿ።

ትልቋ የያዘቻቸውን ካርታዎች ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፤ ፊታቸው ወደ ላይ እንደሆነ ልብ አላለችም።

ባሌ ተነስቶ እጆቹን ዘርግቶ ወደ እኔ ይመጣል። ዓርብ ማታም፣ ትናንትም ስጠይቀው ያደረገው ይህንኑ ነው። ደረቱ ላይ ያስደግፈኛል፤ እኔም አለቅሳለሁ፤ ጥያቄዬ እዚያው ሸሚዙ ላይ ይቀራል።

«አትቀፈኝ! ተቀመጥ!» ወንበሩን በጣቴ አሳየዋለሁ። «ልጆቼ እየሰሙህ፣ ጮክ ብለህ መልስ፦ ስለ እኔ ምን ብሎ ነገረህ?»