የመፍቻ ሳጥኑ ክዳን

የመፍቻ ሳጥናችንን ከባድ ክዳን ከፍ አድርገው የሚይዙት ሁለቱ የጋዝ ዘንጎች ከደከሙ ቆይተዋል። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለው ጋራዣችን ክዳኑን በመጥረጊያ እንጨት ደግፈን ነበር የምንሠራው። ባለፈው ወር እንጨቱን እኔ የአንድ መኪና ኮፈን ልደግፍበት ወሰድኩት፤ ለማንም አልተናገርኩም። የሥራ ባልደረባዬ ኢስማኢል እጁን ከትቶ መፍቻ ሲፈልግ ክዳኑ ወደቀበት። ሁለት ጣቶቹ ተቆረጡ።

አለቃችን "እንጨቱን ማን አነሳው?" ሲሉ "ራሱ ነዋ፤ እሱ መቼ ይጠነቀቃል!" አልኩ። ኢስማኢል እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ይሰማኝ ነበር። ቀና ብሎ በእንጨቱ የደገፍኩትን ኮፈን አየ።

ቤቱ ላፍቶ ነው፤ በታክሲ ሩቅ አይደለም። አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አልጠየቅኩትም። በምን ዓይኔ አየዋለሁ?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ጋራዡ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ፣ አዲስ ዘንጎች ገጠምኩ። ክዳኑ ያለ እንጨት ቆመ። ልዘጋው ወደ ታች ስገፋው ግን የጣት ውፍረት ያህል ሲቀረው አልወርድ አለ። ከፍቼ ውስጡን አየሁ፤ የሚያግደው ነገር የለም። የዘንጎቹ ጥፋት መስሎኝ ሁለቱንም ፈትቼ አወጣኋቸውና ክዳኑን ለቀቅኩት።

እዚያው ላይ ቆመ።

በሁለት እጄ ተጫንኩት። ለስለስ ያለ ነገር ላይ እንዳረፈ ሁሉ ትንሽ ዝቅ አለ።

ስልኬ ጮኸ። ኢስማኢል ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ደውሎልኝ አያውቅም።

"በፍቄ፣" አለኝ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ "ወላሂ ለማንም አልናገርብህም። ብቻ አትጫነው።"