ፐርስሊና የወንድሜ ልብ

«ፐርስሊ ለደም፣ ለኩላሊት፣ ለቆዳ…» የሚለውን ጽሑፍ ሼር ስታደርጉ፣ የሚያነበው ሰው ምን መድኃኒት እንደሚውጥ አስባችሁ ታውቃላችሁ?

የወንድሜ ሚስት አላሰበችም…

ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ፣ ፐርስሊውን በእፍኝ በእፍኝ ብሌንደር ውስጥ ትከታለች።

እኔ ከሩቅ አገር በስክሪን አያታለሁ። ከነሱ ከራቅሁ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። የቤተሰቤ ነገር የሚደርሰኝ እንዲህ በስልክ ነው።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ ቅጠል?»

«ለሱ ነው እትዬ። ደም ያጠራል ብለው ለጥፈው አይቼ ነው። ይኸው ሁለት ወሩ፣ በየጠዋቱ አንድ ብርጭቆ። ፊቱን ቢያዩት… የሙሽራ ፊት!»

ወንድሜ ሰዓት ጠጋኝ ነው። ልቡ ውስጥ ሰው ሠራሽ ቫልቭ አለ። እዚያ ላይ ደም እንዳይረጋ በየቀኑ የደም ማቅጠኛ ክኒን ይውጣል።

ከኋላዋ ብቅ አለ።

«እትዬ፣ ፍየል ሆኜልሻለሁ! የቀረኝ ቀንድ ብቻ ነው።»

አልሳቅሁም…

ፐርስሊ በቫይታሚን ኬ የተሞላ እንደሆነ፣ ያም የዚያን ክኒን ሥራ እንደሚያከሽፍ አንድ የጤና መጽሐፌ ላይ አንብቤያለሁ።

«ስማ! ይሄ ቅጠል መድኃኒትህን እያበላሸው ነው። ደምህ ቫልቩ ላይ ቢረጋ አለቀልህ!»

«ወይ እትዬ! ያንቺ መጽሐፍ የማያስፈራራው ምን አለ? ጨው አልሽ፣ ስኳር አልሽ… አሁን ደግሞ ቅጠል!»

«ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ እንዳትቀምስ። ማልልኝ!»

«እትዬ ትሙት፣ አልቀምስም።»

ሚስቱ የብሌንደሩን ክዳን ጓ አድርጋ አስቀመጠችው።

«እኔ ልገድለው ነው የሰጠሁት?»

አኮረፈች። እሱ ግን ቃሉን ጠበቀ።

እኔም ወንድሜን አዳንኩት ብዬ ኮራሁ… ለጎረቤቴ ሳይቀር አወራሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስልኬ ጠራ። ሚስቱ ናት።

«እትዬ… ሰሞኑን ድዱ ይደማ ነበር፣ የጥርስ ብሩሹ ነው ብለን ተውነው። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ‹ራሴን!› ብሎ ወደቀ…»

«ደሙ ረግቶ ነው? ነግሬው ነበር እኮ!»

«አይደለም እትዬ… ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አሉ።»

ስልኩን ለሐኪሙ ሰጠችው።

«የደም ማቅጠኛው ከልክ በላይ ሠርቶበታል። የአመጋገብ ለውጥ ነበር?»

«ፐርስሊ ይጠጣ ነበር። ግን አስቁሜዋለሁ!»

ወረቀት ሲገልጥ ሰማሁ…

«መቼ?»

«አሥራ ሁለት ቀኑ።»

«እማማ… ካርዱ ላይ እንደማየው፣ ባለፉት ሁለት ወራት ክኒኑ አልሠራ ብሎ መጠኑ ሁለት ጊዜ ተጨምሮለታል። ምክንያቱን የነገረን የለም። አሁን ቅጠሉ ሲቀር፣ የተጨመረው መድኃኒት ብቻውን ቀረ።»

ገባኝ…

ቅጠሉ ሲያከሽፍ ክኒኑ እየተጨመረ፣ ደሙ በመሀል ሚዛኑን ጠብቆ ነበር። ሐኪም አማክር ሳልለው ያንን ሚዛን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

«እሺ፣ ምን ላድርግ?»

«እርስዎ ምንም ማድረግ አይችሉም። እኛ የምንችለውን እያደረግን ነው።»

ስልኩን መለሰላት። እሷም ሳትዘጋው ኪሷ ከተተችው…

ሁለት ሰዓት ሙሉ ኮሪደሩን አዳመጥኩ። የጫማ ድምፅ… የጋሪ ጎማ… የማላውቀው ሰው ሳል… ብጣራም የሚሰማኝ አልነበረም።

በመጨረሻ ጩኸቷን ሰማሁ።

ከቀብሩ በኋላ መጽሐፉን መልሼ ገለጥኩት። እዚያው ገጽ ግርጌ ላይ፣ ሐኪም ሳያውቅ ቅጠሉን በድንገት መጀመርም ሆነ በድንገት ማቆም አደገኛ መሆኑ ተጽፏል። እኔ ያነበብኩት እስከ ገጹ ግማሽ ብቻ ነበር።

ትምህርቱ ይሄ ነው… መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች፣ ቅጠልም ቢሆን ስትጀምሩ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ስታቆሙም ንገሩ። «ይጠቅማል» ያላችሁም «ይጎዳል» ያላችሁም ካርዳችሁን አላየም።

እናንተስ ማንን ጥፋተኛ ታደርጋላችሁ? ቅጠሉን የፈጨችውን? ለሐኪም ሳይናገር የጠጣውን? ምን ትበላለህ ብሎ ሳይጠይቅ መጠን የጨመረውን? ወይስ እኔን? ኮሜንት ላይ ጻፉ።

«ይቅር በያቸው፣ ራስሽንም ይቅር በዪ» ልትሉኝ ያሰባችሁ ግን አትድከሙ።

ማንንም ይቅር አልልም።